ስብከቱ የት ያድራል? ድምፅና ቪዲዮ በኢንተርኔት ስለ ማስቀመጥ ለአብያተ ክርስቲያናት የቀረበ ማብራሪያ

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባለው የአዲስ አበባ መሀል ካሜራ የማይገባበት ቤተ ክርስቲያን ማግኘት እየከበደ ሄዷል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይቀርጻሉ፤ የወንጌል አማኞች ጉባኤ በመድረኩ ፊት ለፊት ካሜራ ተክሏል፤ የጽዋ ማኅበሩ ሳይቀር በስልክ ይቀርጻል። የተቀረጸው የት እንደሚያድር፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ተፈልጎ ይገኝ እንደሆነ ግን እምብዛም አይታሰብበትም። ኮሚቴው ሲቀመጥ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዩቲዩብ እንክፈት ወይስ የራሳችንን ድረ ገጽ እናሠራ?»

ጥያቄው ሦስት ሥራዎችን ስለሚያደባልቅ ቀጥተኛ መልስ የለውም። አንዱ ቀረጻውን ማስቀመጥ ነው። ሌላው ወደ ሰሚው ስልክ ማድረስ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የሚፈልገው ሰው እንዲያገኘው ማድረግ ነው። ዩቲዩብ በማድረስም በማስገኘትም የሚስተካከለው የለም፤ በማስቀመጥ ረገድ ግን የሰው ቤት ነው። የመርካቶ ነጋዴ ዕቃውን ሁሉ በሱቁ መስታወት አይደረድርም፤ መጋዘን አለው። ሱቁ ቢታሸግበት ሌላ ሱቅ ይከራያል እንጂ ከንግድ አይወጣም። የምለውም ይኸው ነው፦ መጋዘኑ የእናንተ ይሁን፤ ሱቆቹ የማንም ቢሆኑ ግድ የለም።

ክብደቱ ስንት ነው?

የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በቢት፣ የፋይል ክብደት ደግሞ በባይት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚፈጅ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ይመዝናል። ይህችን ቁጥር የያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ ራሱ ያሰላል።

የ40 ደቂቃ ስብከት እንውሰድ። 720 በሚባለው የምስል ጥራት በሰከንድ 2.5 ሜጋቢት ቢፈጅ 750 ሜጋባይት ይሆናል። ወደ 480 ዝቅ አድርገን በ1 ሜጋቢት ብናስቀምጠው 300 ሜጋባይት ነው። ምስሉን ትተን ድምፁን ብቻ በሞኖ (በአንድ መስመር)፣ በሰከንድ በ64 ኪሎቢት ብናስቀምጠው ደግሞ 19.2 ሜጋባይት ብቻ ይወጣዋል። የመጀመሪያው ከመጨረሻው ወደ 40 እጥፍ ይከብዳል፤ ሰባኪው ግን ያው ሰባኪ፣ ቃሉም ያው ቃል ነው።

ካሳንቺስ ከሥራ ወጥታ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመች ምእመን የምታዳምጠው ከገዛችው የኢንተርኔት ጥቅል ቀንሳ ነው። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነው የምትሰማው፤ ምስሉን አታየውም፣ ግን ትከፍልበታለች። ቪዲዮ ብቻ የሚለጥፍ የሚዲያ ክፍል ይህችን ሴት ሳያውቅ ያርቃታል። ስለዚህ ምርጫ ቢመጣ ድምፁ ይቅደም እላለሁ። በተግባር የማየው ግን ተቃራኒውን ነው፦ ገንዘቡ ካሜራ ላይ ይውላል፣ ከካሜራው የተረፈችው ማይክሮፎን ላይ።

የማስቀመጫው ሒሳብም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ካሜራው በሰከንድ 50 ሜጋቢት የሚቀርጽ ከሆነ የሦስት ሰዓት መርሐ ግብር 67.5 ጊጋባይት ይወስዳል፤ የ52 እሑዶች ጥሬ ቀረጻ ከ3.5 ቴራባይት አያንስም። ተቆራርጦና ተስተካክሎ ያለቀው ቪዲዮ በ8 ሜጋቢት ቢቀመጥ ግን የሦስት ሰዓቱ 10.8 ጊጋባይት ነው፤ የዓመቱም 562 ጊጋባይት ያህል ሆኖ አንድ ተራ ሃርድ ዲስክ ይበቃዋል። ጥሬውን ለበዓላት፣ ለሹመትና ለምረቃ ብቻ ጠብቆ ለሌላው ያለቀውን ማስቀመጥ የሚያስኬድ ስምምነት ነው። ይህን ሳይወስኑ የሚጀምሩ ክፍሎች ዲስኩ በሞላ ቁጥር የቱን እንደሚያጠፉ ይጨቃጨቃሉ፤ በጭቅጭቁ መሀል የሚጠፋውም ብዙውን ጊዜ አሮጌው ነው።

ዲስክ ደግሞ ይሞታል። ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ዝም ይላል። በዓለም ላይ የተለመደው ደንብ ከእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከግቢው ውጭ እንዲሆን ይላል። በእኛ አቅም ሲተረጎም አንዱ ዲስክ በጽሕፈት ቤቱ ካዝና፣ አንዱ በሌላ ሰፈር በአንድ ኃላፊ ቤት፣ አንዱ ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ማለት ነው።

ጽናጽል የሚፈትነው ፋይል

የሰው ንግግር ጠባብ የድምፅ ክልል ስላለው በቀላሉ ይጨመቃል። በኤምፒ3 64 ኪሎቢት፣ በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ያልተጨመረባቸው ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ደረጃ በወጣለት ኦፐስ በተባለው ስልት ደግሞ የዚያ ግማሽ ለስብከት ይበቃል። ኤምፒ3ን የማይከፍት ስልክ ስለሌለ ለሕዝብ የሚቀርበው በኤምፒ3 ቢሆን ይሻላል።

ማኅሌት ግን ሌላ ነው። ጽናጽል ሲንቀሳቀስ ቀጫጭን፣ ሹልና በቅጽበት የሚበተኑ ድምፆችን ያወጣል። የጨመቃው ስልት «ጆሮ አይለየውም» ብሎ ቀድሞ የሚጥለው ደግሞ ይህንኑ ከፍተኛ ክልል ነው። በ64 ኪሎቢት የተጨመቀ ወረብ ላይ ጽናጽሉ ጥርት ብሎ አይሰማም፤ ይንሻሻል፣ ይዋዥቃል፣ ከመዘምራኑ ድምፅ ጋርም ይቀላቀላል። ለማኅሌት፣ ለመዘምራንና ሙሉ የሙዚቃ መሣሪያ ላለው አምልኮ በስቴሪዮ 128 ኪሎቢት ዝቅተኛው ነው፤ 192 ቢሆን ማንም አይጸጸትም።

ከበሮ የሚያመጣው ችግር የተለየ ነው፤ የሚነሳውም ገና ሲቀረጽ ነው። ብዙዎቹ ካሜራዎችና ስልኮች የድምፁን መጠን በራሳቸው ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ከበሮው ሲመታ መሣሪያው ደንግጦ ድምፁን ይጎትታል፤ መሪጌታው የሚያዜመው አብሮ ይሰምጣል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ ቀጣዩ ምት ደግሞ እንደገና ያሰምጠዋል። ወረቡ በፈጠነ ቁጥር ቀረጻው እየባሰበት ይሄዳል። መድኃኒቱ ይህንን ራስ ገዝ ማስተካከያ አጥፍቶ መጠኑን በእጅ መወሰን ነው፦ ከፍተኛው ምት ከዜሮ (መሣሪያው መያዝ ከሚችለው የመጨረሻ መጠን) ወደ 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲቀር ይደረግ። ዜሮን አልፎ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ በሶፍትዌር ሙሉ በሙሉ አይጠገንም፤ ዝቅ ያለውን ግን ከፍ ማድረግ ይቻላል።

የካሜራውን ማይክሮፎን ማመንም ሌላው ነገር ነው። ከፍ ያለ ጣሪያና የድንጋይ ግድግዳ ባለው ሕንጻ ውስጥ ከኋላ የቆመ ካሜራ የሚቀዳው ከሰባኪው ይልቅ የሕንጻውን ማሚቶ ነው። ከሚክሰሩ (ከድምፅ መቀላቀያው) በቀጥታ ገመድ ስቦ በትንሽ መቅረጫ መያዝ ልዩነቱ ሌት ተቀን ነው። ነገር ግን በሚክሰሩ የሚያልፈው ማይክሮፎን የተደቀነለት ብቻ ስለሆነ «አሜን» የለም፣ እልልታ የለም፤ ስብከቱ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተሰበከ ይመስላል። አንድ ተጨማሪ ማይክሮፎን ወደ ምእመናኑ አዙሮ በዝቅተኛ መጠን መቀላቀል ሕይወቱን ይመልስለታል። ይህ የሳውንድ ቴክኒሺያኑን እንጂ የኮሚቴውን በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

በራሳችን መስመር ለምን አናሰራጭም?

ይህን የሚጠይቁ ሽማግሌ አጋጥመውኛል፤ ጥያቄውም የዋህ አይደለም። ጽሕፈት ቤቱ ኢንተርኔት አለው፣ ኮምፒውተር አለው፤ ፋይሉ እዚያው ተቀምጦ ሰው ቢመለከተው ምን ይላል?

መልሱ ማባዛት ነው። 300 ሰው በአንድ ጊዜ የ2.5 ሜጋቢት ቪዲዮ ቢከፍት ከቢሮው የሚወጣው መረጃ በሰከንድ 750 ሜጋቢት ይደርሳል። መስመሩ ሲገዛ በብዛት የሚታየው የማውረጃው ፍጥነት ነው፤ እዚህ የሚያስፈልገው ደግሞ የመላኪያው ነው። ዩቲዩብ ግን ከእናንተ የሚፈልገው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ማባዛቱን በየአገሩ ያስቀመጣቸው ማሽኖች ይሠሩታል። ዋሽንግተን ያለው ተመልካች እዚያው አጠገቡ ካለ ማሽን ያያል እንጂ አዲስ አበባ ድረስ አይመጣም።

ከዚህ በተጨማሪ ቪዲዮው እንደ አንድ ሙሉ ፋይል አይላክም። አፕል በ2009 ባስተዋወቀውና ዛሬ በሰፊው በተለመደው ስልት ቪዲዮው ስድስት ሰከንድ ገደማ በሆኑ ቁርጥራጮች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም በተለያየ ጥራት ይዘጋጃል። ስልኩ የመስመሩን ጉልበት እየመዘነ ቀጣዩን ቁራጭ በየትኛው ጥራት እንደሚወስድ ይመርጣል። ምስሉ አንዳንዴ ደብዘዝ ብሎ ተመልሶ የሚጠራው ለዚህ ነው። ተራ የቪዲዮ ፋይል በድረ ገጽ ላይ ዝም ብሎ ቢሰቀል ይህ ሁሉ የለም፦ መስመሩ ሲደክም ቪዲዮው ይቆማል፣ ተመልካቹም ይሄዳል።

ርካሽ ድረ ገጽ ማስቀመጫ የገዙም ከዚህ አያመልጡም። ያ የ750 ሜጋባይት ስብከት 400 ጊዜ ቢታይ 300 ጊጋባይት ይወጣል። በአማዞን ማከማቻ ነጻው ድርሻ ካለቀ በኋላ ለሚወጣው መረጃ በጊጋባይት 9 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ይከፈላል፤ ለአንድ ስብከት 27 ዶላር ማለት ነው። ሰባኪው በተወደደ ቁጥር ዕዳው ይጨምራል፤ እንዲህ ያለ ውል ለቤተ ክርስቲያን አይሆንም።

ድምፅ ግን ይህን ሁሉ ይገለብጠዋል። ያው ስብከት በድምፅ 400 ጊዜ ቢወርድ 8 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። ለሚወጣው መረጃ ጭራሹን የማያስከፍሉ ማከማቻዎችም አሉ፤ ከነዚህ አንዱ የሆነው ክላውድፍሌር እስከ 10 ጊጋባይት ድረስ ለማስቀመጫውም ገንዘብ አይጠይቅም። 19.2 ሜጋባይት የሚመዝኑ ስብከቶች በ10 ጊጋባይት ውስጥ 520 ይገባሉ፤ በሳምንት አንድ ቢባል የ10 ዓመት እሑዶች ማለት ነው። ቪዲዮውን ለባለ ማሽኖቹ ትታችሁ ድምፁን በራሳችሁ ስም አስቀምጡ የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው።

ሱቆቹና ጠባያቸው

ዩቲዩብ ነጻ ነው፤ ገንዘቡን የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ከቻናሉ ባለቤት ጋር የገቢ ስምምነት ባይኖረውም ማስታወቂያ የማስገባት መብት በደንቡ ላይ ጽፏል። ስለ ጾም የሚያስተምር ስብከት መሀል የውርርድ ወይም የመጠጥ ማስታወቂያ ቢገባ ጥፋቱ የሚዲያ ክፍሉ አይደለም፤ ግን ምእመናኑ የሚወቅሱት ክፍሉን ነው። አዲስ ቻናል ከ15 ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ ለመጫን በስልክ ቁጥር መረጋገጥ እንዳለበትም ቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

ፌስቡክ ከየካቲት 2017 ዓ.ም. ወዲህ ቀጥታ ስርጭቶችን የሚያቆየው ለ30 ቀናት ነው፤ ከዚያ ይሰርዛቸዋል። «ፌስቡክ ላይ አለ» ብሎ ዋናውን ያጠፋ ክፍል ካለ ዛሬውኑ ይመልከት።

ቴሌግራም የእኛ ሰው ቤት ነው። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል፤ ድምፁን ማፍጠን፣ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማዳመጥ፣ ለእናት ማስተላለፍ ይቻላል። ድክመቱ ፍለጋ ላይ ነው፤ ከዓመታት በፊት የተለጠፈን ትምህርት ቻናሉን ወደ ላይ እየጠቀለሉ መፈለግ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቴሌግራም የማይጠቀም ሰው ደግሞ ጭራሹን አያገኘውም።

ፖድካስት የሚባለውን ብዙዎች እንደ አንድ መተግበሪያ ያስቡታል። አይደለም። በመሠረቱ አንድ የጽሑፍ ሰነድ ነው፤ በውስጡ የእያንዳንዱ ስብከት ርእስ፣ ቀን፣ ርዝመትና ፋይሉ የሚገኝበት አድራሻ ተዘርዝሯል። አፕል ይህን ሰነድ በ2005 ወደ መተግበሪያው ካስገባ ወዲህ ስፖቲፋይና ሌሎችም ያው ሰነድ በየጊዜው ያነቡታል፤ እናንተ አንድ መስመር ስትጨምሩ ስብከቱ በሁሉም ቦታ ይወጣል። ጉግል ፖድካስትስ በ2024 ሲዘጋ ሰነዱ በእጃቸው የነበረ ሰዎች ከመተግበሪያው በቀር ያጡት ነገር የለም። ሰሚው ሌላ መተግበሪያ ከፍቶ ካቆመበት ቀጠለ። ለዚህ ነው ከሱቆች ሁሉ ይህን የማስበልጠው፤ መጋዘኑንና ሱቁን ለይቶ ያስቀምጣል።

ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው፣ በ1996 ሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ድምፅም ቪዲዮም በነጻ ያስቀምጣል። ለሦስተኛ ቅጂነት መልካም ነው። ግን እሱም በጥቅምት 2024 ተጠልፎ ለቀናት ተዘግቶ ነበርና ብቸኛ ተስፋ አይደረግም።

መዘጋት ለእኛ ሩቅ ወሬም አይደለም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከተነሳው የጵጵስና ሹመት ውዝግብ ጋር ተያይዞ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገሪቱ ተገደቡ፤ ገደቡ አምስት ወር ያህል ቆየ። ገደቡን የሚያሳልፈውን ቪፒኤን የማያውቁ አረጋውያን ምእመናን በዚያ ጊዜ ከስብከቱ ተለይተው ቆዩ። ከዚያ በፊትም ተመሳሳይ ነገር በሌላ መልክ አይተናል። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ያስጀመረው የብሥራተ ወንጌል ድምፅ ሬዲዮ ለ14 ዓመት ያህል በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች ሲያሰራጭ ቆይቶ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ ተወረሰ። ማሰራጫ የሌላ እጅ ሊገባበት ይችላል። በየቤቱ በካሴት የተቀዳው ግን በየቤቱ ቀረ።

ቁልፉ በማን ስም ነው?

ከቴክኒኩ ሁሉ ይልቅ አብያተ ክርስቲያናትን የሚጎዳው ይህ ነው። ቻናሉን የከፈተው አንድ ትጉህ ወጣት ነው፤ በግል ኢሜይሉ፣ በግል ስልክ ቁጥሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ወጣቱ ካናዳ ይሄዳል፣ ወይም ያገባና ሌላ ሰፈር ይገባል፣ ወይም ከሰበካ ጉባኤው ጋር ይቀያየማል። ስልክ ቁጥሩ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ቻናሉን ለመክፈት የሚላከው ኮድ የሚደርሰው ከዚያ ወዲያ ለማይታወቅ ሰው ነው። ወጣቱ ክፉ አልነበረም፤ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ ኢሜይሉ በተቋሙ ስም ይከፈት። ስልኩ የጽሕፈት ቤቱ ይሁን። ዩቲዩብ ለአንድ ቻናል ብዙ ሰዎችን በተለያየ የሥልጣን ደረጃ መመደብ ስለሚፈቅድ የይለፍ ቃል ከእጅ እጅ ማዟዟር አያስፈልግም፤ ባለቤትነቱን ግን ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች ይያዙት። የይለፍ ቃሉና የመጠባበቂያ ኮዶቹ በወረቀት ታትመው እንደ ማኅተሙና እንደ ቼኩ በካዝና ይቀመጡ፤ በርክክብ ጊዜም በሰነዱ ላይ ይዘርዘሩ።

የክፍያው ነገርም አለ። ማከማቻውም የድረ ገጽ ስሙም በብዛት የሚከፈሉት በዶላር ካርድ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ውጭ አገር ያለ አንድ ወንድም ይከፍላል። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ማስጠንቀቂያው ወደ እርሱ ኢሜይል ይሄዳል፣ እርሱም ላያየው ይችላል፤ ከዚያ ስሙ ለገበያ ይቀርብና ሌላ ሰው ይገዛዋል። የቤተ ክርስቲያን የድረ ገጽ ስም በውርርድ ድርጅት እጅ ሲወድቅ ማየት ደስ አይልም። የሚቻል ከሆነ ስሙን ለብዙ ዓመት በአንድ ጊዜ መክፈል፣ ማስጠንቀቂያውም ለተቋሙ ኢሜይል እንዲደርስ ማድረግ ነው። ያው ስም እስካለ ድረስ ከኋላው ያለውን ማከማቻ መቀያየር ይቻላል፤ ሰሚው ልዩነቱን አያውቅም።

መዝሙሩ የማን ነው?

«መዝሙር የእግዚአብሔር ነው፣ ባለቤት የለውም» የሚል ክርክር በየስብሰባው ይሰማል። ሕጉ እንዲህ አይልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ የማንም ንብረት አይደለም፤ አንድ መዘምራን ቡድን ዜማውን ያሰማበት ቀረጻ ግን የቀረጸው አካል መብት አለበት። ጉባኤው ራሱ ሲያዜም መቅረጽና ከሰው ሲዲ ላይ ወስዶ ከቪዲዮ ጀርባ ማስገባት አንድ አይደሉም።

ዩቲዩብ የተመዘገቡ ቀረጻዎችን በራሱ የሚለይ ሥርዓት ከ2007 ጀምሮ አለው። ቀረጻው ሲመሳሰልበት የይገባኛል ማስታወቂያ ይልካል፤ ይህ ቅጣት አይደለም፤ በአብዛኛው የማስታወቂያው ገቢ ወደ መብት ባለቤቱ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ቪዲዮው ይታገዳል። ቅጣት የሚባለው ባለመብቱ ራሱ አቤት ብሎ ቪዲዮው ሲወርድ ነው። እንዲህ ያለ ቅጣት በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ከደረሰ ቻናሉ ከነሙሉ ይዘቱ ሊዘጋ ይችላል። ብዙዎች ሁለቱን እያምታቱ በማስታወቂያው ሲደናገጡ፣ በእውነተኛው ቅጣት ደግሞ ሲዘናጉ ይታያል።

ከቅጂ መብት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሰው ገመና ነው። ጠበል ቦታ የወደቀች ሴት፣ መድረክ ላይ ወጥታ በሽታዋን የመሰከረች እህት፣ እያለቀሰ ንስሓ የሚገባ ወጣት፤ እነዚህ ቪዲዮዎች ተመልካች ያበዛሉ፤ ሰውየው ነገ ሥራ ሲፈልግ፣ ልጅቷ ስትታጭ ግን እዚያው ይጠብቋቸዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሃይማኖታዊ እምነትን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይቆጥራል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ካሜራው ሲዞር ፈቃድ መጠየቅ፣ የሕፃናትን ፊትና ስም አብሮ አለማውጣት የአባትነት ወግ ነው።

ስለ ርእስና ስለ ፋይል ስም ጥቂት ልበል። «ድንቅ ስብከት ክፍል 3 እንዳያመልጥዎ» የሚል ርእስ ለዛሬም ለነገም አይጠቅምም። ሰባኪው፣ ምንባቡ፣ ቀኑ፣ ቦታው ይጻፍ፤ ዓመተ ምሕረቱም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይታወቅ። ፈላጊው ሰው ሥላሴን «ስላሴ»፣ ጸሎትን «ፀሎት»፣ ኃይልን «ሀይል» ብሎ ሊጽፍ ስለሚችል ትክክለኛው በርእሱ ላይ፣ የተለመደው ደግሞ በማብራሪያው ውስጥ ይግባ። የፋይሉ ስም ግን በላቲን ፊደልና በቁጥር ቢሆን ይሻላል። በአድራሻ ውስጥ አንድ የግእዝ ፊደል ወደ ዘጠኝ የፐርሰንት፣ የላቲን ፊደልና የቁጥር ምልክቶች ይለወጣል፤ የአሥር ፊደል ስም 90 ምልክት ሆኖ ሊንኩ ሲላክ ይቆራረጣል።

ቀጥታ ስርጭት መቼ ያስፈልጋል?

ከሚገባው በላይ ጉልበት የሚበላው እርሱ ነው። አዲስ አበባ እሑድ ከጠዋቱ 3፡00 ሲሆን ዋሽንግተን በእነርሱ ክረምት ከሌሊቱ 7፡00፣ በበጋቸው 8፡00 ነው። ለዳያስፖራው ምእመን ከቀጥታው ይልቅ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተጠናቅቆ የተቀመጠ ድምፅ ይጠቅመዋል። ቀጥታው ዋጋ የሚያገኘው ሊደገም በማይችለው ቀን ነው፦ በበዓል፣ በተክሊል፣ ከሁሉ በላይ በቀብር። ሥላሴ ካቴድራል የአባቱን ፍትሐት በስልክ የሚከታተል ልጅ የምስል ጥራት አይጠይቅም፤ እንዳይቋረጥበት ብቻ ይፈልጋል። እንዲህ ላለው ሥነ ሥርዓት ሊንኩ ላላቸው ብቻ የሚታይ ስርጭት መክፈት ይቻላል፤ የቤተሰብ ኀዘን የሕዝብ መመልከቻ መሆን የለበትም።

እንዳይቋረጥ የሚያደርጉት ነገሮች ተራ ናቸው። የመላኪያ ፍጥነቱን የሚለኩት በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት ነው፤ ማክሰኞ ማታ የተለካው ለእሑድ ጠዋት አይመሰክርም። ከተለካው ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶውን ብቻ መጠቀም መስመሩ ሲዋዥቅ መተንፈሻ ይሰጣል። ኮምፒውተሩ በዋይ ፋይ ሳይሆን በገመድ ይያያዝ። ዋናው መስመር የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ተጠባባቂው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት የጀመረው የሳፋሪኮም ሲም ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱ ኩባንያዎች መስመር በአንድ ጊዜ ይቋረጣል ተብሎ አይጠበቅም። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በባትሪ ቢቆይም ራውተሩ ከጠፋ ስርጭቱ አለቀ፤ ዩፒኤስ (የኃይል መጠባበቂያው) የሚገዛው መጀመሪያ ለእርሱ ነው። ኦቢኤስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር እያሰራጨ እዚያው ኮምፒውተር ላይ መቅረጽም ስለሚችል ይህን ሁልጊዜ አብሩት፤ መስመሩ ቢቋረጥም ሙሉው ቅጂ ከእናንተ ጋር ይቀራል።

የዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቅ እስኪፈቀድ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ በስልክ ለማሰራጨት ደግሞ ቢያንስ 50 ተከታይ ያስፈልጋል። ጃን ሜዳ በጥምቀት ቀን ሕዝብ ሲሞላ የሞባይል ኔትወርኩ በዚያ ሁሉ ስልክ ይጨናነቃል። ከዚያ ለማሰራጨት ያሰበ ክፍል ፈቃዱን ከገና በፊት ይጨርስ፤ ድምፁንም በመቅረጫ ይያዝ፤ ስርጭቱ ባይሳካ ማታ ቤት ገብቶ ይጭነዋል።